ጥብጣቡ ቀይ ነው ወይስ ወይን ጠጅ

ባለፈው ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ነጠላ ያጣፋ ሽማግሌ በከዘራው አስቆመኝና «ያቺ ቀይ ጥብጣብ ትወረውር የነበረችው ልጅህ ደኅና ናት?» አለኝ። ትኩር ብዬ አየሁትና አወቅሁት። ጥርሱ አልቋል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ አንድ ሰው ፊት ቆሞም ለአደባባይ ሙሉ ሕዝብ የሚናገር ይመስላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት» አልሁትና መንገዴን ቀጠልሁ። ቤቴ እስክገባ ግን አንዲት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። ቀይ አለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀይ አለ።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥሁት በዚያች ቃል ምክንያት ነው። ብዙ አልተማርሁም። ፊደልና ጥቂት ዳዊት ከየኔታ፣ ቀሪውን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከፋብሪካ ግቢ ነው የለቀምሁት። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንባቢም ቀስ ብሎ ይከተለኝ። ነገሩ የልጄ የውድድር ዘመን ነው። ሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። የዳኞቿም ነገር ነው። እነዚያን ሰዎች አልጠላኋቸውም፤ ሰው መጥላት ሆኖልኝ አያውቅም። ንቄአቸዋለሁ ግን። ዕድሜዬን የጨረስሁት ጨርቅ ስነክር ነውና በደንብ የተነከረ ነገር አውቃለሁ። ይህ ንቀት በደንብ ተነክሯል፤ ስንት ክረምት አልፎበት ይኸው አልለቀቀም።

ባሕር ዳር በዚያን ጊዜ እንዲህ አልሰፋችም። ፋብሪካ ነበር፣ ሐይቁ ነበር፣ ወደ ፔዳ ኮሌጅ የሚወስደው መንገድ ነበር፣ በመካከሉ እኛ ነበርን። እኔ የምሠራው ማቅለሚያ ክፍል ነው። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ የሳምንቱን ቀለም ይይዛል፤ ሰው እጄን አይቶ ፋብሪካው ምን እያመረተ እንደሆነ ያውቅ ነበር። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ እጄ ቀይ ነው። ቀዩን የአብዮት ባንዲራም፣ በየመንገዱ የሚሰቀለውንም ጨርቅ የምንነክረው እኛ ነን።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ባሏ ፋብሪካው ውስጥ መካኒክ ነበር። እርሷ ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዳ ስፖርት የተማረች ናት፤ በፋብሪካው ክበብ ሴት ልጆችን ሰብስባ ጅምናስቲክ ማስተማር ጀመረች። አንዷ እንደ ጎማ የሚንከባለል ትልቅ ቀለበት ትይዛለች፣ አንዷ ኳስ፣ አንዷ ገመድ። ለልጄ የደረሳት ጥብጣብ ነው። ይህን ያላየ ሰው ይኖራልና ልንገር፤ ስድስት ሜትር ስስ ጨርቅ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ጫፍ ይታሰራል። ልጅቱ በሙዚቃ እየዘለለችና እየዞረች ጨርቁን በአየር ላይ አንዴ እባብ፣ አንዴ ክብ ታስመስለዋለች። ወደ ላይ ወርውራ ዞራ ትቀልበዋለች። ጨርቁ ከተቋጠረ ጥፋት ነው፣ ከእጇ ከወደቀ ጥፋት ነው። ዳኞች ተቀምጠው ያያሉ፤ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ።

እናቷ መጀመሪያ የስፖርቱን ጠባብ ልብስ አይታ «ከላይ ቀሚስ ካልተደረበበት ከቤት አትወጣም» አለች። አሠልጣኟ ሳትከራከር አጭር ቀሚስ ደረበችበት። ከዚያ በኋላ እናቷ አንድ ቀን እንኳ አልከለከለቻትም። ልጄ በየማለዳው ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፤ ማለዳ ላይ ጣና እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ነው፣ ቅጠል አይነቃነቅም። እኔም ወደ ሥራ ሳልገባ ጥቂት ቆሜ አያታለሁ። አንድ ከደቅ ደሴት እንጨት የሚያመጣ ባለ ታንኳ ነበር፤ ታንኳውን ሲያስጠጋ ሁልጊዜ ያያታል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ወንድም ዓለም፣ ይቺ ልጅ የምታባርረው ምን ወፍ ነው?»

«ወፍ አይደለም፣ ስፖርት ነው» አልሁት።

አሰበበት። «አይ፣ ወፉስ ባይኖርም ጥሩ ታባርራለች» አለኝና እንጨቱን አወረደ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጄ ብዙ የተናገሩ ባለ ሥልጣኖች ሰምቻለሁ፤ የዚያን ያህል አይቶ የተናገረ ግን አላጋጠመኝም።

ጥብጣብ ገበያ ላይ የለም። አሠልጣኟ ስስ ጨርቅ ፈልግልኝ ብትለኝ ሻሽ አመጣሁ፤ ቀደን፣ ቀጣጥለን፣ ጠርዙን ሰፋነው። ነጭ ነበር። ልጄም «አባባ፣ ነጭ እንደሆነ ይቅርልኝ። ነጭ ሲሆን ጫፉ የት እንደደረሰ ይታየኛል» አለችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያለችኝ። እሺ አልኋት።

እሺ ብዬ ግን አልቀረሁም። የከተማው የስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር በዚያው ሰሞን ፋብሪካ መጥቶ ንግግር አደረገ። ይህ ሰው እኛ አገር ከመምጣቱ በፊት ዱርቤቴ ገበያ ላይ የእህል ሚዛን ይቆጣጠር ነበር ይባላል። ሚዛን መቆጣጠር ክፉ ሥራ አይደለም። እርሱ ግን ስድስት ሳምንት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ ሁሉን ነገር የሚመዝን ሆኖ ተመለሰ፤ ስፖርትም፣ ሙዚቃም፣ የሰው ልብም። በዚያ ንግግሩ ጅምናስቲክ አብዮታዊ ይዘት ሊኖረው ይገባል አለ፤ ያለ ይዘት መዝለል የበዝባዦች ነው አለ። ጅምናስቲክ የሚለውን ቃል ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በሦስት ዓይነት ነው የጠራው።

እኔ ሞኙ ግን በልቤ ያዝሁት። ልጄ እንድታሸንፍ ፈለግሁ፤ አባት ነኝ። በማግሥቱ ያንን ነጭ ሻሽ ጠቅልዬ በኪሴ አስገባሁና ባንዲራው ከሚነከርበት ገንዳ ውስጥ ከተትሁት። አንድ ሰዓት አቆየሁት። ሲወጣ እሳት መስሎ ወጣ። ቤት ወስጄ ስዘረጋው ልጄ አየችው፤ ምንም አላለችም። እኔም ዝምታዋን ደስታ ነው ብዬ አሰብሁ። ሰው ሲመቸው እንዲህ ያስባል።

የመጀመሪያው ውድድር አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከልጄ በፊት የወጣችው ባለ ቢጫ ቀለበት ልጅ ነበረች፤ ከሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ናት፣ ወንድሟ ነበር ይዟት የመጣው። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቀለበቷ በጀርባዋ ላይ ተንከባሎ በትከሻዋ ይወርዳል፣ እርሷ ሳታየው እጇ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ልጄ ወጣች። ፈራች። ግማሹን ረሳችው፣ አንድ ቦታ ቆማ ዞረች፣ ጥብጣቡም መሐሉ ላይ ተቋጠረ፤ ቋጠሮውን ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ጨርቁ ቀይ ነበር። ሊቀመንበሩ የዳኞች ሰብሳቢም ነውና መሐል ተቀምጧል፤ ገና ጥብጣቡ ሲዘረጋ ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። እርሱ ሲነሣ ሌሎቹ ዳኞች ተነሡ። ዳኞቹ ሲነሡ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ተነሣን። ከሁሉ በኋላ ማጨብጨብ ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ለልጄ አሥር ሰጧት። ባለ ቢጫ ቀለበቷ ሰባት አገኘች። አሠልጣኟ ለምን ብላ ብትጠይቅ ሊቀመንበሩ «ቢጫ ምን ይገልጻል?» አላት። ቀለበቱን ይዛ ወጣች። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እኔም እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ሜዳሊያውን በእጇ ጨብጣ ነው የምትሄደው፤ አንገቷ ላይ አላደረገችውም።

«አባባ፣ ተቋጥሮብኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «አላዩትም?»

«ተዪው፣ አንደኛ ወጥተሻል» አልኋት።

«ካላዩት ምኑን ነው ያዩት?»

ፈጠን ብዬ ተራመድሁ። ሜዳሊያው እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ፤ አንዴም አንገቷ ላይ አላየሁትም።

በዓመቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷት፤ የክፍለ ሀገሩ ውድድር ነው። ሊቀመንበሩ ቡድን መሪ ሆኖ ሄደ፣ እዚያም ሲደርስ ዳኛ ሆነ። ቀይ ጥብጣቡ እንደገና ተዘረጋ፣ እርሱ እንደገና ተነሣ፣ አሥር ከአሥር እንደገና መጣ። ዋንጫውን ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ቢሮው መደርደሪያ ላይ አኖረው። ልጄ ዋንጫውን የነካችው ፎቶ ሲነሡ ነው። አንድ ቀን ለጉዳይ ቢሮው ገብቼ አየሁት፤ እስክሪብቶ ሰክቶበታል። ባለ ቢጫ ቀለበቷ ልጅ ግን ከዚያ በፊት አቁማ ነበር። ወንድሟን መንገድ ላይ አግኝቼ ብጠይቀው በትሕትና «አባባ፣ ቀለም የማይመዘንበት ሥራ ይዛለች» አለኝ። ሱቅ ገብታ ጨርቅ ትለካ ነበር።

አሁን ልጄን በትክክል ልናገር። በነዚያ ሁለት ዓመታት ያላቆመችው አንድ ነገር ማለዳ ማለዳ ወደ ሐይቁ መውረድ ነው። አሥር ከአሥር የተባለች ልጅ ምን ይጎድላታል? እርሷ ግን የጎደላትን አንድም ዳኛ ስለማይነግራት ራሷ ትፈልገው ነበር። አንዱን ውርወራ አርባ ጊዜ ትወረውራለች። ጉልበቷ ያብጣል፣ እናቷ በሞቀ ውኃ ታሽላታለች፣ በማለዳው ደግሞ ትሄዳለች። አሠልጣኟ ጥፋቷን ትነግራት የነበረው አሠልጣኝ ስለሆነች ነው፤ ልጄ የፈለገችው ግን ነጥብ የሚሰጥ ሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፋቷን አይቶ እንዲቀንስባት ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ መራጮች ይመጣሉ ተባለ። የአገሪቱ ቡድን ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ለውድድር ይሄዳል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሁለት ዓመት አሸናፊ የሆኑትን አይተው ይመርጣሉ። ከእኛ ዘንድ ያቺ ልጄ ብቻ ናት። አሠልጣኟ ቤታችን መጥታ ነገረችን። «ጋሼ፣ አሁን የሚመጡት የሚያውቁ ናቸው» አለችኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር በሁለቱ አሥሮች ጊዜ አላየሁትም። መሄዱን ፈልጋለች፣ ልጅ ናት፤ አውሮፕላን ማን ይጠላል። ይበልጥ ግን የሚያውቁ መሆናቸውን ነው የወደደችው።

ሊቀመንበሩ ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም፣ ሕዝብ እንዲያየው በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ይሁን አለ። እዚህ የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጣና ማለዳ ይተኛል፣ ፀሐይ ካናት ካለፈች በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል። ባለ ታንኳዎች ሁሉ ከእኩለ ቀን በፊት ወደ ዳር የሚገቡት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ባርኔጣዬን አውልቄ ቢሮው ሄድሁ፤ ዋንጫው ላይ እስክሪብቶው አሁንም አለ። ውድድሩ በጠዋት ይጀመር፣ ከሰዓት ሲሆን ነፋስ አለ፣ ጥብጣብ ከነፋስ ጋር አይሆንም ብዬ በትሕትና ነገርሁት።

«ጓድ» አለኝ፣ «ፕሮግራማችንን ነፋስ አይወስነውም።»

ሥልጣኑ ቢፈቅድለት ኖሮ ነፋሱንም ስብሰባ ይጠራው ነበር።

ዕለቱ ደረሰ። በጠዋት ሁለት ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርን። ሐይቁ አይነቃነቅም። ልጄ ተዘጋጅታ፣ ጥብጣቧን ዘንጓ ላይ ጠቅልላ ቆማለች። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንድ ሰውዬና አንዲት ጠና ያለች ሴት። ሴትዮዋ ጸጉሯን አጥብቃ አስራለች፣ ማስታወሻ ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ከዚያ ሊቀመንበሩ ተነሣ፤ ንግግሩን ከኪሱ ሲያወጣ ውፍረቱን አየሁት።

ስለ ዓለም ሁኔታ ተናገረ። ስለ ጥጥ ምርት ተናገረ። ስለ ጅምናስቲክ በአራተኛ ዓይነት አጠራር ተናገረ። ልጄ ጡንቻዋ እንዳይቀዘቅዝ ከኋላ ሆና ትዘላለች፣ ታርፋለች፣ ትዘላለች። ጥላችን አጠረ፣ ከዚያ በሌላ ጎን ረዘመ። ከደቅ የመጡት ታንኳዎች አንድ በአንድ ገቡ። ያ ባለ ታንኳ ከሰው ኋላ ቆሞ ወደ ውኃው አሻግሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሲቀመጥ በዳር ያለው የደንገል ቄጠማ በነፋሱ መተኛት ጀምሮ ነበር።

ልጄ ገባች። ስትጀምር አማረባት። ሁለት ጊዜ ወርውራ ቀለበች፤ የአዲስ አበባዋ ሴት ከወንበሯ ወደ ፊት ቀረብ ስትል አየኋት። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ጥብጣቡን ከአየር ላይ ነጥቆ አንገቷ ላይ ጠመጠመው። ሙዚቃውን ሳትለቅ ፈታችው። ሦስተኛውን ስትወረውር ደግሞ ነፋሱ ዘንጉንም ጨርቁንም ወስዶ ወደ ደንገሉ፣ ወደ ጭቃው ጣለው፤ መሬት ለመሬት ወደ ውኃው እየጎተተው ይሄዳል። ሮጠች። እጇ አይደርስም። በእግሯ ጫፉን ረግጣ አቆመችው፣ ጎንበስ ብላ አነሣች፣ ከእነ ጭቃው ወደ ሜዳው ይዛው ተመለሰችና ጨረሰች። ጥፋት ነው፣ ነጥብ ይቀነሳል፤ ግን ብልህ ሥራ ነው። ሰው አጨበጨበ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሳይነሣ ነው የተጨበጨበው።

ሊቀመንበሩ ግን ቆሞ ነበር። ፊቱ ሌላ ሆኗል። ጮኾ አልተናገረም፤ አጠገቡ ላለው ሰው ብቻ «ቀዩን ረገጠችው» አለ። ያ ሰው ለሚቀጥለው ነገረ፣ የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው። ወረፋ ይዞ እንደሚሄድ ነገር ወንበር ለወንበር ሲሄድ አየሁት። ቀዩን ረገጠችው። ባንዲራውን ረገጠችው።

በዚያው ከሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበና እኔን አስጠራኝ። ሰባት ሆነው ረጅም ጠረጴዛ ከበዋል፤ ጥብጣቡ ከእነ ጭቃው መሐል ላይ ተዘርግቷል። ውጤቱ ይሰረዝ፣ ጉዳዩም ወደ በላይ ይተላለፍ የሚል ሐሳብ ቀርቧል አሉኝ። ወደ «በላይ» የተላለፈ ሰው በዚያ ዘመን ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል።

«ጨርቁን ያቀለመው ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ምን ቀለም ነው?»

ጨርቁን አየሁት። ያንን ገንዳ እንደ እጄ አውቀዋለሁ። ባንዲራው ከወጣበት የወጣ ነው። ቀይ ነው ብል ልጄ ባንዲራ ረግጣለች። ቀስ ብዬ አሰብሁ፤ እኔ ሁልጊዜ ቀስ ነው የምለው።

«ወይን ጠጅ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አንደኛው «ወይን ጠጅ ቀይ አይደለም እንዴ?» አለ። እኔም በማቅለሚያ ክፍል ሁለቱ በየገንዳቸው የሚነከሩ የተለያዩ ቀለሞች ናቸው አልሁት። ይህስ እውነት ነው። ውሸቱ ከየትኛው ገንዳ እንደወጣ ነው።

ከዚያ የሆነውን ሰው አያምነኝም። ሰባት ትልልቅ ሰዎች፣ ከነ ኮታቸው፣ ስለ አንድ ሻሽ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ አጠገቡ ያዘው። አንዱ ወደ መስኮት ወስዶ አየውና ብርሃን ላይ ወይን ጠጅ ነው፣ ጥላ ላይ ግን ቀይ ይሆናል አለ። አንዱ እርጥብ ስለሆነ ሲደርቅ እንየው አለ። ስለ ቀለም መንከር የሚያውቅ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ እርሱም እየዋሸ ነበር። በመጨረሻ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። አምስት እጅ ለወይን ጠጅ ተነሣ፣ ሁለት ለቀይ። ጥብጣቡ ወይን ጠጅ መሆኑ በድምፅ ብልጫ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ልጄ ተረፈች ብዬ ወደ በሩ ስዞር ሊቀመንበሩ ጠራኝ። አልተቆጣም። ይልቁንም ሚዛን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

«ቆይ፣ ጓድ። እኛ ለሁለት ዓመት አሥር ነጥብ የሰጠነው ለቀይ ጥብጣብ ነው። ጨርቁ ቀይ ካልሆነ ያ ሁሉ ነጥብ ያለ አግባቡ የተሰጠ ነው።»

ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ለእነርሱ ግልጽ ነበር። እኔም ቆምሁ፤ ቀይ ነው ብዬ ልመልሰው አልችልም፣ ወይን ጠጅ ነው ብዬ ልሟገት አልችልም። የሁለቱ ዓመት አንደኝነቷ ተሰረዘ። አሸናፊ ያልሆነች ልጅ ደግሞ ለምርጫ አትቀርብም፤ ዝርዝሩ ያለ እርሷ ተፈርሞ ለመራጮቹ ተሰጠ። የተሰረዘውን አንደኝነት ለባለ ቢጫ ቀለበቷ እንኳ አልሰጧትም። ለማንም አልሰጡትም። ዋንጫው ግን መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ እስክሪብቶ ይይዝላቸዋል።

ባለፈው ጾም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ቀይ ጥብጣብ» ያለኝ ይህ ሰው ነው። የራሱን ቃለ ጉባኤ እንኳ ረስቶታል።

ቤት ስገባ ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉን ነገርኋት። አላለቀሰችም። «ነጭ ይሁንልኝ ብዬ ነበር፣ አባባ» አለችኝ። ሰባቱን ሰዎች እየናቅሁ እኖራለሁ። ስምንተኛው ማን እንደሆነ በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ገንዳው አጠገብ ቆሞ የነበረው እርሱ ነው።

ትንሽ ቆይታ አሠልጣኟ መጣች። ያቺ የአዲስ አበባዋ ሴት መኪናቸው በማግሥቱ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ልጅቱን ማየት ትፈልጋለች አለች፤ ለምርጫ አይደለም፣ እንዲሁ። ልጄ ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ጥብጣቡ ኮሚቴው ዘንድ ቀርቷል። እናቷ ምንም ሳትባል ከሳጥኗ ለበዓል የምታስረውን ነጭ ሻሽ አወጣችና በመቀስ መሐሉን ሰነጠቀችው። አልበቃም፤ ሁለተኛውንም አወጣች። ተቀምጠው ሰፉት። ዘንግ እኔ ከሸምበቆ ቆርጬ አለዘብሁላት። ቀለም አልነካሁም።

ማለዳ ሐይቁ ዳር ወረድን። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ይዛ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃ የለም፤ አሠልጣኟ በእጇ ምት መታችላት። ጣና ተኝቶ ነበር። ልጄ ጀመረች። ስለ እርሱ ብዙ ልጽፍ አልችልም፣ ቃሉም የለኝም። ነጩ ጨርቅ ጫፉ ድረስ ይታይ ነበር፤ እንዳለችው። ያ ባለ ታንኳ ከውኃው ላይ መቅዘፉን አቁሞ ቆሞ አየ።

ስትጨርስ እያለከለከች ሴትዮዋ ፊት መጥታ ቆመች።

«ስንት ይሰጡኛል?» አለቻት።

ሴትዮዋ ማስታወሻዋን ገለጠች፣ ጻፈች፣ ደመረች። «ስትዞሪ ግራ ጉልበትሽ ይታጠፋል» አለቻት። «ሦስተኛው ውርወራ ላይ ቸኩለሻል። መጨረሻ ላይ ጥብጣቡ ሊቋጠር ነበር፣ አዳንሽው፤ ግን አይቼዋለሁ። ስምንት ነጥብ አራት።»

ልጄ ሳቀች። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ነጥብ ተሰጥቷት ስትስቅ አላየሁም። «ስምንት ነጥብ አራት» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ያልሰማሁ መስሏት ነው።

«ስምሽን ልጽፍልሽ አልችልም፣ የኔ ልጅ። ዝርዝሩ ተፈርሟል» አለቻት ሴትዮዋ።

«አውቃለሁ» አለች ልጄ። «ቋጠሮውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ አልሁሽ እኮ።»

ልጄ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት። ከዚያ ጥብጣቡን ከጫፉ ጀምራ ዘንጉ ላይ ጠቀለለች፤ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረችም። ሻሹን ወደ ቤት ስንመለስ ፈታ ለእናቷ ሰጠቻት፤ እናቷም ስፌቱን ሳትተረትር፣ እንደተቀጣጠለ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ታስረው ነበር።